ደጃዝማችነቱ ይቅርብኝ

እኔ ይሄን ገጽ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳነብ አንድ ቀን እንኳን ኮሜንት ጽፌ አላውቅም። የናንተን ታሪክ እያነበብኩ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ፣ ስንቴ ብቻዬን ስቄያለሁ፣ ግን ላይክ አድርጌ ነው የማልፈው። ዛሬ ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው እሁድ የሆነ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎኝ ነው።

የምሠራው ቤሩት ነው። እሁድ እሁድ ዶራ አካባቢ አንዲት ተመላላሽ እህታችን ቤት እንሰበሰባለን። ቤት ስል አንድ ክፍል ናት፣ ኪራዩን ለአራት ነው የሚከፍሉት። የዛን ቀን ዘጠኝ ነበርን። ቡና ተፈልቷል፣ አንዷ ስለ መዳሟ ታወራለች፣ አንዷ ስለ ባሏ፣ አንዷ ቲክቶክ ላይቭ ገብታለች። እኔ እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ እሰማለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ስድስት ቀን ሙሉ በአረብኛ ሲታዘዝ የሰነበተ ጆሮ አማርኛ ሲገባበት ሌላ ምን ይፈልጋል?

ድንገት ላይቭ የገባችው ስልኳን ወደኔ አዞረችና «ይቺ ደሞ ድዳ ናት መሰለኝ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም» አለች። ተሳቀ። ሌላዋ ቀጠለችና «ተያት፣ ኩራት ነው፣ እኛን ንቃ ነው» አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «እኔ ዝምተኛ ሰው ያስፈራኛል፣ የሆነ የደበቀችው ነገር አለ» አለች። እኔ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ተነስቼ ስኒ ማጠብ ጀመርኩ። ስድስት ቀን የሰው ዕቃ ሳጥብ ሰንብቼ፣ በእረፍት ቀኔ ደግሞ ከሰው ዓይን ለመሸሽ ዕቃ አጥባለሁ። ውሃውን ከፍቼ ቆሜ በራሴ ሳቅሁ። ማታ ስተኛ ግን ሳቁ ጠፋ።

እኔ ሰው አልንቅም። የደበቅሁትም ነገር የለም። ዝምተኛ ነኝ፣ በቃ። ስለዚህ ነገር የማስበውን አንዴ ልናገርና እንደገና ዝም እላለሁ።

ያደግሁት ወሎ ነው፣ መርሳ አካባቢ። እዛ ልጅ ሆኜ ዝምታዬ ምርቃት ነበር። ቡና ሲጠጣ ከአቦል እስከ በረካ ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ አንድ ቃል ሳልናገር ስኒ አቀብላለሁ። ጎረቤቶች እናቴን «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ሰጠሽ፣ ድምጿ አይሰማ» ይሏታል። ትልቅ ሰው ሲያናግረኝ መሬት መሬት አያለሁ፣ እንደዛ ነው የተማርነው። ዓይን ዓይኑን ያየሽው እንደሆነ ደፋር ትባያለሽ።

ትምህርት ቤት ስገባ ነገሩ ተገለበጠ። እጅ የሚያወጣ ነው ጎበዝ። ፈተና ላይ ጥሩ እሠራለሁ፣ ክፍል ውስጥ ግን አስተማሪው ስሜን እንኳን አያውቀውም ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ስደት ስነሳ ደግሞ ጭራሽ ባሰ። ደላላው «ፈጠን በይ፣ ሳቅ በይ፣ ሲያናግሩሽ ዓይናቸውን እያየሽ መልሺ፣ ዝም ካልሽ በሽተኛ ትመስያለሽ፣ ይመልሱሻል» አለኝ። ሃያ ዓመት ጨዋነት ተብሎ የተማርኩትን በሁለት ቀን በሽታ አደረገው።

እንግዲህ እዩት። ሀገራችን ሴት ልጅ ዝም ስትል ያመሰግናታል፣ ከዛ እንጀራ ፍለጋ ስትወጣ ደግሞ ለምን አትናገሪም ይላታል። ተረቱም እኮ ሁለት ልብ ነው። አንዱ «ዝም አይነቅዝም» ይላል፣ ሌላው «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። የትኛውን ልስማ?

የሰው ቤት ስገባ የዝምታዬ ነገር ቀልድ መሆኑ ቀረ። የመጀመሪያዋ መዳሜ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ግን ቤቷ ውስጥ ዝም ያለ ሰው አይታ አታውቅም። እሷ፣ እህቶቿ፣ ልጆቿ፣ ጎረቤቷ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚያወሩት። እኔ ዝም ብዬ ስሠራ በቀን አሥር ጊዜ «ሹ ቢኪ? ለይሽ ዛዕላኔ?» ትለኛለች። ምን ሆንሽ፣ ለምን ተከፋሽ ማለቷ ነው። ምንም አልሆንኩም ስላት አታምንም። አልተከፋሁም ብዬ ስደጋግም በመጨረሻ እውነትም ይከፋኛል።

እህቶቼ፣ የኮንትራት ሠራተኛ ሕይወት ለዝምተኛ ሰው ልዩ ፈተና አለው። ሰው ሁሉ ብቸኝነት ነው ይላል፣ ልክ ነው። ግን ብቸኛ ሆነሽ ብቻሽን አትሆኚም። እናት የለችሽ፣ ጓደኛ የለሽ፣ ቋንቋሽን የሚሰማ የለ፤ ደግሞ ከጠዋት እስከ ሌሊት ከዓይን አትወጪም። እኔ የምተኛው ልጆቹ ክፍል ነበር። ብቻዬን የምሆንበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ ልብስ ሳሰጣ በረንዳው ላይ፣ አንዱ ሽንት ቤት። ሥራ ጨርሼ ሽንት ቤት ገብቼ አሥር ደቂቃ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ስልክም አልነካ፣ አላለቅስም፣ ዝም ብቻ። ከዛ ሰው እሆናለሁ።

መዳም ይሄን አስተዋለች። ወንድ ይዛለች፣ ተደብቃ ትደውላለች፣ ልትጠፋ ነው አለች። ስልኬን ሦስት ሳምንት ወሰደችብኝ። እናቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞተች ወይ እያለች ስታለቅስ ከረመች። አሥር ደቂቃ ዝም ብዬ በመቀመጤ።

ያኔ ራሴም ጤነኛ አይደለሁም ይሆን ብዬ መጠርጠር ጀመርኩ። ስልኬ ሲመለስልኝ ቲክቶክ ላይ ኢንትሮቨርት የሚለውን ቃል አየሁና ጎግል ላይ ፈለግሁት። ካርል ዩንግ የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት፣ በፈረንጅ 1921 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ነገር በሰፊው ጽፏል። እኔ እንደገባኝ፣ አንዳንድ ሰው ልቡ ወደ ውጭ ነው፣ ወደ ሰው ወደ ጨዋታ። አንዳንዱ ደግሞ ልቡ ወደ ውስጥ ነው። አንዷ ሰው መሀል ስትሆን ድካሟ ይወጣላታል፣ ሌላዋ ሰው መሀል ቆይታ ብቻዋን ስትሆን ነው ድካሟ የሚወጣላት። በሽታ አይደለም። ኩራትም አይደለም። ዓይን አፋርነትም ሌላ ነው። ዓይን አፋር መናገር እየፈለገች የምትፈራ ናት። እኔ ብዙ ጊዜ የምናገረው ስለሌለኝ ነው ዝም የምለው።

ብዙ ጊዜ አልኩ፣ ሁሌ አላልኩም። አሁን የማወራችሁን በዚህ ገጽ ለመጻፍ አፍሬ ነበር።

እንደ ፈረንጅ ጥቅምት 2019 ሊባኖስ ውስጥ ሰልፍ ሲነሳ ባንክ ተዘጋ። ሲከፈትም ለሰው የገዛ ዶላሩን እንደ ልብ አልሰጥም አለ። በፊት 1,500 ሊራ ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በየሳምንቱ ይወጣ ጀመር። እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የኔ ደመወዝ 150 ዶላር ነበር። መዳም የመጀመሪያውን ወር «ባንክ ዝግ ነው» አለች፣ እሺ አልኩ። ሁለተኛውን ወር «የሚቀጥለው ወር አንድ ላይ» አለች፣ እሺ አልኩ። ሦስተኛው ወር ላይ እሷም ምንም አላለች፣ እኔም ምንም አላልኩ። አምስት ወር ሞላ።

እናቴ ስትደውል «ዘግይቷል እማ፣ ይመጣል» እላታለሁ። ለራሴ ደግሞ «እኔ ዝምተኛ ነኝ፣ መጨቃጨቅ አልወድም፣ ተፈጥሮዬ ነው» እለዋለሁ። ውሸት ነው እህቶቼ። ያ ተፈጥሮዬ አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። ካፈጠጥኩባት ታባርረኛለች፣ ወረቀቴ በሷ ስም ነው፣ የት እሄዳለሁ የሚል ፍርሃት። ፍርሃቴን በዝምተኛነቴ ሸፈንኩት። መዳምም ደስ አላት። እንግዳ ሲመጣ «የኔ ልጅ ምንም አትጠይቅም፣ አደበኛ ናት» ትላለች። መርሳ እያለሁ ጨዋ ያሉኝን አስታወሰኝ። ያኔ ነው የነቃሁት። ዝምታዬ ሲመሰገን የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ ማየት እንዳለብኝ የገባኝ።

መናገር ስለማልችልበት ተለማመድኩ። በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ለአንሶላው ነው የምናገረው። ብዙ አይደለም፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር። «መዳም፣ ሳርሊ ኸምስ ትሽሁር ማ አበድት። ቢዲ መዓሺ።» አምስት ወር ሆነኝ አልተከፈለኝም፣ ደመወዜን እፈልጋለሁ። አንድ ሳምንት ለአንሶላ ተናግሬ በስምንተኛው ቀን ለመዳም ተናገርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም፣ ተናግሬ ዝም አልኩ። እሷ ብዙ አወራች። ስለ ባንክ፣ ስለ ሀገሯ፣ ስለ ባሏ ሥራ። እኔ አልመለስኩም፣ ግን ከቆምኩበትም አልሄድኩም። ዝም ብሎ መቆም እንደምችልበት ያን ቀን አወቅሁ።

የሦስት ወሩን ሰጠችኝ። የሁለት ወሩ እስከ ዛሬ ቀርቷል። ስለዚህ ተናገሪ፣ ሁሉ ይስተካከላል ብዬ አልዋሻችሁም። በዛው ዓመት አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው አምጥተው ቤሩት ቆንስላችን በር ላይ የጣሏቸውን እህቶቻችንን ሁላችንም አይተናል። ከነሱ ውስጥ ስንቷ ተናግራለች፣ ጮኻለች። ደመወዝ የተበላባት ዝም ስላለች ነው የሚባል ነገር የለም። የበላው የበላ ሰው ነው። ግን እኔ ባልናገር ኖሮ ሦስቱም ወር አይገኝም ነበር።

እና አሁን ያ ተረት ሲነሳ መልሴ አንድ ነው። ደጃዝማችነቱ ይቅርብኝ። ደመወዜ ግን አይቀርም።

አሁን ደግሞ ስለ ተጫዋቿ ልንገራችሁ። ከመሀላችን አንዲት አለች፣ ስሟን አልጠራም፣ እሁድን እሁድ የምታደርገው እሷ ናት። ስትገባ ቤቱ ይሞቃል፣ ሳትቀልድ ቡና አይጠጣም። ሁላችንም «እሷማ ደህና ናት፣ እሷ ምን አለባት» እንላለን። አንድ እሁድ ማታ ወደየቤታችን ስንመለስ ሰርቪስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ዝም አለች። ስትወርድ «ባሌ በላኩለት ብር ሌላ አግብቷል፣ ስምንት ወር ሆነኝ ካወቅሁ» አለችኝ። ስምንት ወር! በየሳምንቱ ስታስቀን የነበረው እንዲህ ሆና ነው።

ለምን ለኔ ነገርሽኝ ስላት «አንቺ አታወሪም፣ ምክርም አታበዢም» አለችኝ። እኔም ምክር አላበዛሁም። በሌላ ቀን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፣ «ብሩን በማን ስም ነው የምትልኪው?» በባሏ ስም ነበር። ዛሬ በራሷ ስም ደብተር አላት።

ይሄን ያነሳሁት ዝምተኛ ከተጫዋች ይሻላል ለማለት አይደለም። እሷ ባትኖር እኔ እሁድን አልወደውም ነበር። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» እያልን ተናጋሪን የምናሳቅቅም አለን፣ እሱም ልክ አይደለም። የኔ ሀሳብ እንዲህ ነው፤ የሰውን ሁኔታ በአፉ አንለካ። ዝም ያለችው ደህና ልትሆን ትችላለች፣ የምትስቀው ልትሞት ደርሳ ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ያለው መንገድ ለብቻ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ነው። በዘጠኝ ሰው ፊት፣ በላይቭ ላይ፣ «ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው» የተባለች ሴት እውነቱን አትናገርም። ስኒ ነው የምታጥበው።

ዝምተኛ ጓደኛ ያላችሁ እህቶች፣ አታስገድዷት፣ ግን አትተዋትም። ስልክ ካላነሳች በጽሑፍ ላኩላት፣ ብዙዎቻችን መጻፍ ይቀለናል። ስትሰበሰቡ ሥራ ስጧት፣ ቡና ታፍላ፣ ሽንኩርት ትክተፍ፣ እጇ ሲሠራ አፏም ይፈታል። ከሁሉም በላይ ለአሠሪዋ ወይ ለመክተብ ስታስተረጉሙላት ዝምታዋን ከራሳችሁ ጨምራችሁ አትተርጉሙ። «እሷ ትንሽ ልክ አይደለችም» የምትል አንዲት ቃል ሰው አስመልሳለች፣ አይቻለሁ።

እንደኔ ዝምተኛ የሆናችሁ ደግሞ፣ ዝምታችሁን ለማንም ብላችሁ አትጣሉት። ግን አራት ነገር ላይ ዝምታ የለም። ደመወዝ ሲቀር፣ ሰውነታችሁን ሲያማችሁ፣ በር ሲቆለፍባችሁ፣ የሰው እጅ ሲደርስባችሁ። እነዚህ ላይ ዝም ስትሉ «ተፈጥሮዬ ነው» አትበሉ፣ እንደኔ ራሳችሁን እንዳትሸውዱ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። አንድ ዓረፍተ ነገር አጥኑ፣ ለአንሶላም ቢሆን ተናገሩት። የተከፈላችሁንና ያልተከፈላችሁን በቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ። የት ቤት እንዳላችሁ፣ የአሠሪያችሁን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑራችሁ። አሥር ጓደኛ ግዴታ አይደለም፣ አንድ ግን ግዴታ ነው።

አዲስ ቤት ስትገቡ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ንገሯቸው። «አና ሄክ፣ ማኒ ዛዕላኔ።» እኔ እንዲህ ነኝ፣ አልተከፋሁም። ይቺ አራት ቃል ያኔ ብትኖረኝ ሦስት ሳምንት ስልኬ ባልተወሰደ።

የእረፍት ቀንና ብቻ የመሆን ነገርም ልመና አይደለም። ሊባኖስ ውስጥ በ2009 የወጣው የሠራተኛ ውል በሳምንት 24 ሰዓት እረፍት ይላል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ደግሞ አሠሪ ቤት የምታድር ሠራተኛ ገመናዋ የሚከበርበት ማደሪያ ይኑራት ይላል። ወረቀት ላይ ያለውና ቤት ውስጥ ያለው እንደሚለያይ አውቃለሁ። ግን ብቻዬን አሥር ደቂቃ መቀመጥ መፈለጌ እብደት አለመሆኑን ማወቄ ራሱ አሳርፎኛል።

አሁን የምሠራው አንዲት ተይታ ጋ ነው፣ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። እሷም ወሬ አትወድም። እሷ ቡናዋን ይዛ፣ እኔ የሙሉኪያ ቅጠል እየቀነጠስኩ፣ ሁለት ሰዓት ቃል ሳንለዋወጥ እንቀመጣለን። ባለፈው ልጇ መጥታ «ተጣልታችኋል እንዴ፣ ቤቱ ምን ሆነ?» አለች። ተይታ ሳቀችና «ነህና ሄክ መብሱጢን» አለቻት። እኛ እንዲሁ ደስተኞች ነን። ከሀገሬ ከወጣሁ እንደሱ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ያም ሆኖ ደመወዝ ሁለት ቀን ካለፈ እናገራለሁ። ዝምታችን አንድ ነው ብዬ አልተውም።

የፊታችን እሁድ ዶራ እሄዳለሁ። ግማሹን ቀን ኮርኒሽ ባሕሩ ዳር ብቻዬን ተቀምጬ፣ ከሰዓት በኋላ እናንተ ጋ እመጣለሁ። ላይቭ የምትገቢው እህቴ ይሄን ካነበብሽ አልተቀየምኩሽም። ስልኩን ግን ወደኔ አታዙሪው። ስኒውን ደግሞ በተራ እንጠብ።

እናንተስ እህቶቼ? ዝምተኛ የሆናችሁ ሰው ምን ይላችኋል? ኮሜንት ላይ መጻፍ የከበዳችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቀስ ብዬም ቢሆን እመልሳለሁ። ሁላችንንም በሰላም ለሀገራችን ያብቃን።